አስከሬን የሚናገረውን መስማት ይገባል

በገጠር ሰው ተገድሎ ሲገኝ ወዲያው የሚጠየቀው «ማን ገደለው?» የሚለው ነው። ሟቹ በምን እንደ ተመታ፣ ምኑ ላይ እንደ ተመታና ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት በሕይወት እንደ ቆየ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የአስከሬን መርማሪ ሐኪሞች የሚመልሱት ይህንኑ ሲሆን፣ መልሱ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅግ ጠቃሚ ነው።

በዱላ አናቱን የተመታ ሰው ተነሥቶ፣ ተናግሮ፣ ቤቱ ገብቶ ሊተኛ ይችላል። በራስ ቅሉ ውስጥ የተበጠሰው የደም ሥር ግን ቀስ በቀስ እየደማ አንጎሉን ይጫነዋል። ከሰዓታት በኋላ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ በዚያው ይቀራል። «ደኅና ነው፣ ይተኛ» የተባለ ስንቱ ነው! ስለዚህ ሽማግሌ ለዕርቅ ከመቀመጡ በፊት ተመቺው በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ይኖርበታል።

ክንድ ላይ የሚታይ የስለት ቁስል ሟቹ ሊከላከል እጁን ማንሣቱን ሊያስረዳ ይችላል። ራሱን ሰቀለ በተባለ ሰው አንገት ላይ የገመዱ ምልክት አግድም ዞሮ ከተገኘ፣ ሌላ ሰው አንቆት እንደሆነ ያጠራጥራል። ፖሊስ ሳይደርስ አስከሬን አጥቦና ገንዞ ለመቅበር መቸኮል ይህን ሁሉ ያጠፋል።

የጠቡ መነሻ ብዙውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ የተገፋ ድንበር፣ አዝመራ የበላ ከብት፣ በሠርግና በጠላ ቤት የተወረወረ ቃል፣ ከዚያም ደም መመለስ። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎዎች የመሬት ክርክር እንዲያዩ ተደርጎ ነበር። ዛሬም አቤቱታው ቀድሞ የሚሰማው በአካባቢው መሪዎች ዘንድ ነው። አቤቱታውን ከክረምት ወደ በጋ፣ ከበጋ ወደ ክረምት ማሳደር ዱላውን ማቀበል ነው።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የወንጀል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ሆነ ተብሎ ከተገደሉት 81 ከመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው ከተገደሉት ግን 82 ከመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው። ተደብድባ የመጣችን ሚስት «የባልና የሚስት ጠብ ነው» ብሎ ወደ ደብዳቢዋ መመለስ የብዙ ሽማግሌዎች ልማድ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 540 ተራውን የሰው ግድያ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ገዳዩ ባል በመሆኑ የሚቀርለት የለም። ዳግመኛ የመጣች ሴት ካለች አቤቱታዋ በዕለቱ በጽሑፍ ሠፍሮ ለፖሊስ መድረስ አለበት።