ማሳሰቢያ፦ የሥጋ ፋብሪካ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት

በኢምፔሪያል፣ በገርጂና በቦሌ ዙሪያ ለምትኖሩና ለምትሠሩ፣ በተለይም በሰው አገር ለፍታችሁ ያጠራቀማችሁትን ይዛችሁ ለተመለሳችሁ ወገኖች። «በአንዲት ትንሽ ከተማ ዘመናዊ የሥጋ ፋብሪካ ልናቋቁም ነው፤ አክሲዮን ግዙ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከሚነግራችሁ አብዛኛው እውነት ሊሆን ይችላል። አገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት፤ የዓረብ አገሮች ገበያ ቅርብ ነው፤ ሥጋው የሚጫንበት የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም እዚሁ ሰፈራችን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሳይነገር የሚቀረው ነው።

የሥጋ ፋብሪካ ለትናንሽ ከተሞቻችን አዲስ አይደለም። መልጌ ወንዶም ኮምቦልቻም ነበራቸው። ከእነዚህ የሚወጣው በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ ዋና ገዢው ሠራዊቱ ነበር፤ ወታደር ባለበት ሁሉ ስንቅ ይፈለጋል። በ1983 ዓ.ም. ያ ግዙፍ ሠራዊት ተበተነ። ሌላው ሕዝብ ደግሞ ጾሙን ፈትቶ ልኳንዳ ቤት ሄዶ ትኩሱን አስቆርጦ የሚበላ ነው፤ የቆርቆሮ ሥጋ ለምዶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፋብሪካዎቹ ከመንግሥት ኤልፎራ ወደሚባል የግል ኩባንያ ዞሩ። ባለቤት ተለወጠ ማለት ግን የታሸገ ሥጋ የሚገዛ ሕዝብ ተገኘ ማለት አልነበረም።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ሆኗል። በኡራጓይ የምትገኘው ፍራይ ቤንቶስ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ የኖረችው በአንድ የሥጋ ፋብሪካ ነው። ምርቷ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች የወታደር ስንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋብሪካው ተዘጋ፤ ዛሬ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ ቅርስ ነው። ለጎብኚ ደስ ይላል፤ ለባለአክሲዮን ግን ትርፍ አያካፍልም።

አሁን ያለው ንግድ በአብዛኛው በሞጆና በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች የያዙት ነው። የበግና የፍየል ሥጋ እዚያ ታርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ በአውሮፕላን ወደ ዱባይና ወደ ጅዳ ይሄዳል። እነዚህ ቄራዎች እንኳ፣ ለመንገዱም ለአውሮፕላኑም ቅርብ ሆነው፣ ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ኖረዋል። ዋናው ምክንያት እንስሳ ማጣት ነው። ይህ ሁሉ ከብት ባለበት አገር እንዴት ይጠፋል የሚል ሰው አይጠፋም። የዓረብ ገዢ የሚመርጠው የቆላ እንስሳ ነው፤ የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ስለሚጠቁር ይመለሳል። የቆላው ፍየልና በግ ያለው ደግሞ ቦረና፣ ሶማሌና አፋር ነው። አርብቶ አደሩ የሚሸጠው ገንዘብ ሲያስፈልገው እንጂ ፋብሪካው ሲፈልግ አይደለም። ከዚያ የተረፈውን የኮንትሮባንድ ነጋዴ በቁሙ ነድቶ ወደ በርበራና ወደ ቦሳሶ ያሻግረዋል፤ የተሻለ ዋጋም ይከፍላል። ማቀዝቀዣው ግን ባዶም ሆኖ መብራት ይበላል፤ ሠራተኛውም በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይጠብቃል።

በአንድ ገዢ አገር ላይ መንጠልጠልም ሌላው ገደል ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲና በየመን ሲነሳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን አገደች። ሌሎቹም ተከተሏት። እዚህ እንስሳ የሚያረባውም የሚያደልበውም፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ገዢ አጣ።

ስለዚህ ሻጩ የሕንፃውን ሥዕል ሲያሳያችሁ እናንተ ስለ እንስሳው ጠይቁ። በቀን ስንት ይታረዳል? ከየትኛው ወረዳ ይመጣል? ከማኅበራት ወይም ከአደላቢዎች ጋር የተፈረመ ውል አለ ወይ? ውሉን አሳዩኝ በሉ፤ «በሂደት ላይ ነው» ከተባላችሁ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። ዱባይ ወይም ጅዳ ነገ በሩን ቢዘጋ ሥጋው የት ይሄዳል? ቆዳውን ማን ይገዛል? ደሙና እጣቢው የት ይፈስሳል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ የሚንቅ አደራጅ ቄራ አያውቅም ማለት ነው፤ ያልታከመ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ከገባ ከተማው ራሱ ይነሳበታል።

አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ሰው ሕግ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጉዳዩን ይቆጣጠራል። ፕሮስፔክተስ የሚባለውን ዝርዝር መግለጫ ጠይቁ፤ በባለሥልጣኑ መመዝገቡንም ከአሻሻጩ ሳይሆን ከራሱ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። አደራጆቹ ከምትከፍሉት ላይ ለራሳቸው ስንት እንደሚወስዱ አንብቡ። ቸኩሉ፣ ዋጋው ሰኞ ይጨምራል የሚላችሁን አሰናብቱት። የምትከፍሉት ብር የሚገባው በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሒሳብ መሆን አለበት፤ የግለሰብ ሒሳብ ቁጥር ከተሰጣችሁ፣ ሰውየው የሥጋ ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ አትክፈሉ።