ሲኦሲ ወረቀት ነው፤ ክብሩ ያለው መዛኙ ጋ ነው

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ሊትል ኢትዮጵያ፣ የአገር ቤት ዘመድ ጉዳይ ሲነሳ «እህቴ ሲኦሲ ወስዳለች፤ ምን ይሠራላታል?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እንላለን፦ የመዘናት ማነው?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ሰው ስንት ዓመት ተማረ ሳይሆን ሥራውን ይችለዋል ወይ የሚለው መለኪያ ሆነ። ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 መስፈርት ወጣ። ጋራዥ ውስጥ እየሠራ የለመደ መካኒክም ቢሆን ተመዝኖ ማረጋገጫ እንዲያገኝ በር ተከፈተ። ውጤቱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ወደቀ» አይባልም፤ ጎዶሎውን ሞልቶ ይመለሳል።

ይሄ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን በመዛኙ ላይ ነው። መዛኝ ወረቀት አራሚ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ያያል። ሽቦ ከመንካቱ በፊት ቆጣሪውን አጥፍቷል? ሕፃን ከማንሳቷ በፊት እጇን ታጥባለች? ያሠለጠነው ሰው ራሱ መመዘን የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው። የገዛ ሠልጣኙን «አልቻለም» ማለት ራሱን መክሰስ ይሆንበታላ!

እዚህ የምናውቀውን ሲኤንኤ እንውሰድ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠልጣኝ 60 ሰዓት ትምህርት፣ 100 ሰዓት ደግሞ ከታካሚ ጋር ተግባር ይማራል። ከዚያ የተግባር ፈተናውን የሚሰጠው፣ በፌዴራል ደንብ መሠረት፣ አረጋውያንን ወይም የቆየ ሕመም ያለባቸውን በመንከባከብ ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ ፈቃድ ያለው ነርስ መሆን አለበት። ተፈታኙም ቢያንስ 3 ጊዜ ዕድል አለው።

ይቺው ካሊፎርኒያ ግን ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፀጉር ሥራ ፈቃድ የተግባር ፈተናውን አስቀርታ የጽሑፉን ብቻ ይዛለች። ስለዚህ እኛም ለሁሉም ሙያ ፈተና ይብዛ አንልም። ፀጉር ተበላሽቶ ቢቆረጥ ያድጋል። አልጋ ላይ ያሉ እናት ከእጅ ቢወድቁ ግን ሌላ ነገር ነው። ምዘና ሊጠብቅ የሚገባው ስህተቱ ሰው በሚጎዳበት ቦታ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃል። ሐሳቡ ልጆቻችንን ለመጠበቅ ነው። ሳትመዘን ወረቀት ይዛ ሪያድ ወይም ቤይሩት የገባች ልጅ ግን ወረቀቱ አያድናትም። እንዲያውም «አውቃለሁ ብለሽ አይደል የመጣሽው?» ተብሎ ይመሰከርባታል።

እዚህ ላይ እኛም ዲያስፖራዎቹ አለንበት። «ሲኦሲውን የሚያስጨርስ ሰው አለ» ሲሉን «በቃ ይጨረስ» ብለን ዶላር ከላክን፣ የገዛነው የእህታችንን መከራ ነው። ለቀናው መዛኝም ጉልበቱን እየሰበርንበት ነው።

ከመንግሥት የምንጠብቀው ግልጽ ነው። መዛኝ ከሥራው ዓለም ይምጣ፤ ለልፋቱ የሚመጥን ክፍያ ያግኝ፤ «ገና አልበቃም» ስላለ እንጀራው አይነካበት። የሰጠው ውጤትም አልፎ አልፎ በሌላ መዛኝ ይፈተሽ።

እኛ ደግሞ ገንዘብ ከመላካችን በፊት ደውለን እንጠይቅ፦ የት ተመዘንሽ? ምን ሠርተሽ አሳየሽ? ማን ቆሞ አየሽ? መልስ ከሌለ ያው ገንዘብ ለሥልጠናዋ ይሁን። ሁለት ወር ብትዘገይ ይሻላል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን። ቸር እንሰንብት።