መዘምራኑ ለምን ወደ እርሻቸው ተመለሱ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሠርቶ ከፈጸመ በኋላ ወደ ንጉሡ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ የቤተ መቅደሱ ነገር ተለውጦ አገኘው። አሥራቱና ዕጣኑ ይቀመጥበት የነበረው ታላቅ ዕቃ ቤት ለጦብያ ማደሪያ ተሰጥቷል። ድርሻቸውን ያጡት ሌዋውያንና መዘምራንም እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተዋል (ነህ. 13፥4-13)። ነህምያ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የገሠጸው መዘምራኑን አልነበረም። ሹማምንቱን ነው የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን እንደ ተተወ የጠየቃቸው። ከዚያም መዘምራኑን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡ አሥራቱን አመጣ፤ በዕቃ ቤቱም ላይ የታመኑ ሰዎች ተሾሙ።

ዛሬም በመዝሙር፣ በብዙኃን መገናኛና ሕዝቡን በማጽናናት አገልግሎት ዕድሜያቸውን ስለ ሰጡ ወንድሞችና እኅቶች ክርክር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው አገልጋዩ ነው። ዘማሪው ለምን ገንዘብ ተቀበለ? ሰባኪው ለምን የግል የዩቲዩብ ገጽ ከፈተ? መሪጌታው ለምን ደብሩን ትቶ ከተማ ገባ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነህምያ ያስቀደመውን ጥያቄ ግን ዘለው ያልፋሉ። ድርሻው የት ሄደ? ዕቃ ቤቱስ በማን እጅ ነው?

ድርሻው ከየት ይመጣ ነበር?

በብሉይ ኪዳን ዝማሬ በትርፍ ሰዓት የሚከናወን ሥራ አልነበረም። በዳዊት ዘመን ለዝማሬ የተለዩት ባለሙያዎች 288 ነበሩ (1ዜና 25፥7)፤ ሌሊትና ቀን በአገልግሎት ላይ ስለነበሩም መዘምራኑ ከሌላ ሥራ ነጻ ተደርገው ነበር (1ዜና 9፥33)።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ሥርዓት በራሷ መንገድ ይዛ ኖራለች። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ተቀባብለው ለእኛ ያደረሱ ሊቃውንት በየደብሩ ለአገልግሎታቸው የተመደበ መሬት ነበራቸው። መሪጌታው፣ ቀዳሹና ደብተራው መሬቱን እያረሱ ወይም እያሳረሱ ይኖሩ፣ ማኅሌቱን ይቆሙ፣ ሰዓታቱን ያደርሱ ነበር። ይህ ሥርዓት ነቀፋ የሌለበት አልነበረም፤ በጭሰኛው ላይ የሚጭነው ሸክም ከባድ ነበር። አገልጋዩ ግን ነገ ምን እበላለሁ ብሎ ከቅኔ ማኅሌት አይወጣም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለዘመናት የቆየው መተዳደሪያ በወራት ውስጥ ተቋረጠ። እግዚአብሔር ቤቱን አይተውምና፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና፣ በ1965 ዓ.ም.፣ ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ መደራጀት ጀምሮ ነበር። ከመሬቷ የተነጠለችው ቤተ ክርስቲያን በልጆቿ አስተዋፅኦ እንድትቆም ያስቻላት ይህ መዋቅር ነው።

ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም። በንግሥ ዕለት ሕዝብ የሚጎርፍበት የከተማ ደብር ስለቱን፣ የሙዳየ ምጽዋቱን ገቢና የሕንፃ ኪራዩን ይሰበስባል። ዜማውን የሚያስተምረው የገጠር ጉባኤ ቤት ደግሞ ለመምህሩ የወር ቀለብ እንኳ ሳይኖረው ይቀራል። ምንጩ ደርቆ ወንዙ እንዲፈስ የምንጠብቅ መስለናል።

ከጉባኤ ቤት እስከ ዩቲዩብ

አንድ ደቀ መዝሙር የዜማ ሊቅ ለመሆን ዕድሜውን ይሰጣል። ከጾመ ድጓ እስከ ድጓ ዓመታትን ያሳልፋል፤ ለምስክር ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቍራሽ እየለመነ፣ በጎጆ እያደረ ይማራል። ተመርቆ ሲወጣ የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ የማያሳድር ደመወዝ ነው። አንዳንዱ የጥበቃ ሥራ ይይዛል፤ አንዳንዱ የቀን ሥራ ይሠራል። ወደ እርሻቸው የተመለሱት መዘምራን እነዚህ ናቸው።

በሌላ በኩል በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ መዘምራን አሉ። በካሴት ዘመን የጀመረው የመዝሙር ኅትመት በሲዲ አልፎ ዛሬ በዩቲዩብ ላይ ነው። ይህ መንገድ ብዙ ነፍሳትን አጽናንቷል። በዐረብ ሀገራት በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ፈቃድ የማያገኙ እኅቶቻችን መዝሙሩንና ስብከቱን የሚሰሙት በስልካቸው ነው። ለእነርሱ ያ ድምፅ የአጥቢያቸው ደወል ነው።

ነገር ግን ካሴት የሚገዛ ምእመን ዋጋውን የሚከፍለው ለመዝሙሩ ነበር፤ ዩቲዩብ የሚከፍለው በተመልካች ብዛትና በማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት የተደከመበት ያሬዳዊ መዝሙርና በአንድ ሌሊት የተቀረጸ የስድብ ንግግር በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ፤ ብዙ ጊዜም ስድቡ ያመዝናል። ቤተ ክርስቲያን ድርሻውን ያልሰጠችውን አገልጋይ ገበያው ይቀጥረዋል፤ ገበያው ደግሞ የራሱን ዜማ ያዘዋል። ዜማው ከያሬድ ሥርዓት እየራቀ መሄዱን የምናወግዝ ሁሉ ይህን ምክንያት ልናጤነው ይገባል።

የአየር ሞገዱ አገልግሎት

በብዙኃን መገናኛ የሚሰጥ አገልግሎት ሙያ መሆኑን ሀገራችን ቀደም ብላ አይታለች። በሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ያስተላልፍ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወረሰ። አስተምህሮው የእኛ አይደለም። የአሠራሩ ትምህርት ግን ይጠቅመናል፤ የስርጭቱ ሰፊ ክፍል ዜናና ልዩ ልዩ ትምህርት ነበር፤ የሚሠሩትም የሠለጠኑና ደመወዝ የሚከፈላቸው ባለሙያዎች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ በሩ ለረጅም ጊዜ ጠባብ ሆኖ ቆየ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቍጥር 533 ለሃይማኖት ድርጅቶች የስርጭት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቍጥር 1238 ደግሞ በሕግ ፈቃድ የሚያገኙበትን መንገድ ከፈተ። እንግዲህ ዛሬ ያለብን ችግር የፈቃድ እጦት ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የራሷ ቴሌቪዥን አላት፤ ማኅበራትም አሏቸው። የጎደለው ሥነ መለኮትን ከጋዜጠኝነት ጋር አስማምቶ የተማረ፣ ዜና ከመናገሩ በፊት የሚያጣራ፣ በዚህ ሥራ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሊኖርበት የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ካላዘጋጀን በቤተ ክርስቲያን ላይ ፈተና በመጣ ቍጥር ምእመኑ ዜናውን የሚሰማው ከማን እንደሆነ ከማያውቀው ገጽ ይሆናል። የዚህን ጉዳት ባለፉት ዓመታት ደጋግመን አይተነዋል።

የማይታየው አገልግሎት

ከዘማሪውና ከሰባኪው ይልቅ የሚዘነጋው በካሜራ ፊት የማይቆመው አገልጋይ ነው። ሕፃናትን በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው፣ ታራሚዎችን የሚጠይቀው፣ በጠበል ቦታ ሕሙማንን የሚያስታምመው፣ ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ የሚያጽናናው ማለት ነው። ሐዋርያት በማዕድ ማገልገልን እንደ ትርፍ ሥራ አልቈጠሩትም፤ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየው፣ እጃቸውን ጭነው ሾሙበት (ሐዋ. 6፥1-6)። እስጢፋኖስ ሊቀ ዲያቆናት ከዚህ አገልግሎት የወጣ ሰማዕት ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም አገልጋይ በደመወዝ ይኑር ማለታችን አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል የመኖር መብት እንዳለው ካስተማረ በኋላ (1ቆሮ. 9፥13-15) እርሱ ግን ድንኳን እየሰፋ ኖሯል (ሐዋ. 18፥3)። ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ወጣቶችን ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳንም በየሙያው የተሰማሩ ምሩቃንን ለአገልግሎት ሲያሰልፍ የተከተሉት ይህን መንገድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎቻችን በሳምንቱ ቀናት ታክሲ እየነዱ ወይም አረጋውያንን እየተንከባከቡ፣ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌት የሚቆሙ ካህናትና መዘምራን ጥቂት አይደሉም። ሁለቱም መንገዶች የተባረኩ ናቸው። የማይባረከው ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም አገልጋዩን ሙሉ ጊዜውን እየጠየቁ ድርሻውን መንፈግ ነው።

የግያዝ ፈተና

የአገልጋዩም ኃላፊነት አለ። ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ባለ ጊዜ ግያዝ ተከትሎ ሮጦ ብርና ልብስ ተቀበለ፤ ከብሩ ጋርም ለምጹን ወሰደ (2ነገ. 5፥20-27)። ለጉባኤ ተጠርቶ ዋጋ የሚደራደር፣ በገጠር ደብር አልሄድም የሚል፣ መድረኩን የራሱ ስም መታወቂያ የሚያደርግ አገልጋይ ችግሬ የደመወዝ ማነስ ነው ሊል አይችልም። ነህምያ መዘምራኑን ድርሻቸውን በመስጠት ብቻ አልተዋቸውም፤ በየስፍራቸው አቆማቸው። ስፍራን ማወቅ፣ ለአባቶች መታዘዝ፣ መዝሙርንና ስብከትን ለሊቃውንት ምርመራ ማቅረብ የአገልጋዩ ድርሻ ነው።

ምን ይደረግ?

ሰበካ ጉባኤያት ዓመታዊ በጀታቸውን ሲያጸድቁ ለዜማ መምህር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤትና ለበጎ አድራጎት አገልግሎት የሚውለውን ገንዘብ ለይተው ይመድቡ፤ አፈጻጸሙንም ለምእመናን በግልጽ ያሳውቁ። ከፍተኛ ገቢ ያለው የከተማ ደብር ቢያንስ የአንድ ገጠር ጉባኤ ቤት መምህርና ደቀ መዛሙርት ቀለብ ይሸፈን። ለጉባኤ የሚጠራ ዘማሪ ወይም ሰባኪ የሚሰጠው አበል በሀገረ ስብከት የታወቀ ይሁን፤ የታወቀ ሲሆን ድርድሩም ሐሜቱም ይቀራል። የመዝሙር ምርመራም አገልጋዩን የሚያርምና የሚያስተምር እንጂ ከታተመ በኋላ ብቻ የሚያወግዝ አይሁን።

እያንዳንዳችንም ዕቃ ቤቱን የምንሞላ ነን። አሥራቱን የማያወጣ ምእመን ዘማሪው ገንዘብ ወደደ ብሎ ለመውቀስ አፍ የለውም። ደግሞም በስልካችን የምንከፍተው ሁሉ ድጋፍ ነው፤ የጠብ ቪዲዮ በተመለከትንና ባጋራን ቍጥር ለጠበኛው ደመወዝ እየከፈልን መሆኑን እንወቅ።

በነህምያ ዘመን መዘምራኑ ከእርሻቸው ሲመለሱ ዝማሬያቸውን አልረሱም ነበር። በእኛ ዘመን ግን ድጓውን አጽንቶ የያዘ አንድ መምህር ተተኪ ሳያስቀምጥ ካለፈ የሚመልሰው ነህምያ አይኖርም። ስለዚህ ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ፣ ደቀ መዛሙርቱም ከጉባኤ ቤቱ ሳይበተኑ፣ ዕቃ ቤቱን ለታመኑ ሰዎች እናስረክብ፤ መዘምራኑንም በየስፍራቸው እናቁም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።