ስለ ሞተር ብስክሌት ጢስ ማውጫና ስለ ድምፁ

በዋግ ምድር ሰው ሁሉ በበቅሎ ይሄድ በነበረበት ዘመን፥ ባለበቅሎው በቅሎውን በጥልፍ አልብሶ፥ በአንገቷ ቃጭል አስሮ፥ ልጓሟን አስጊጦ ወደ ገበያና ወደ ክብረ በዓል ይወጣ ነበር። ጌጡ ማዕርጉን ይገልጥ ነበርና ማንም አይነቅፈውም። ዛሬ በሰቆጣና በዙሪያዋ የበቅሎን ሥራ በከፊል የወሰደው ሞተር ብስክሌት ነው። የግብርና ባለሙያው፥ ክትባት የሚያደርሰው የጤና ሠራተኛ፥ ነጋዴውም ይቀመጡበታል። እንግዲህ ወጣቱ ሞተሩን ማስጌጥ ቢወድ የአባቶቹን ልማድ በብረት ላይ ማሳየቱ ነውና፥ ስለዚህ ብቻ ሊወቀስ አይገባውም። ተመርምሮ ሊፈረድበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው።

በዓለም ላይ «ስክራምብለር» የሚባለው የሞተር ብስክሌት ዓይነት በብዙ ወጣቶች ዘንድ የተወደደ ኹኗል። መነሻው እንግሊዝ አገር ነው፤ ጥርጊያ መንገድ በሌለበት በድንጋይና በጭቃ ላይ ይሽቀዳደሙ የነበሩ ሰዎች የመንገዱን ሞተር ወስደው፥ ጎማውን ጥርስ ባለው ለውጠው፥ መሪውን አስፍተው፥ ጢስ ማውጫውንም ከሥር አንሥተው በጎን ወደ ላይ አወጡት። ይኸንንም ያደረጉት ለመልክ ብለው አይደለም፤ ቧንቧው ከድንጋይ ጋራ እንዳይጋጭ፥ ወንዝም ሲሻገሩ ውኃ እንዳይገባበት ነው። በ1962 በአውሮጳ አቈጣጠር ሆንዳና ዱካቲ እንዲህ ያለውን ሠርተው ሸጡ፤ በ2006 የእንግሊዙ ትራያምፍ፥ በ2015 ደግሞ ዱካቲ የቀድሞውን መልክ መልሰው አወጡት። የዛሬው ገዢ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ላይ የሚነዳው ስለ ኾነ፥ ከፍ ያለው ጢስ ማውጫ ለእሱ ጌጥ ብቻ ነው።

በዋግ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ከሰቆጣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ኰረብታና ድንጋይ የበዛበት፥ በክረምትም ጅረት የሚያቋርጠው ነውና፥ በዚያ የሚነዳ ሰው ጢስ ማውጫውን ከፍ ቢያደርግ ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ሊዘነጋ አይገባም፤ ይኸውም ከፍ ያለው ቧንቧ ከነጂውና ከዃላ ከሚቀመጠው ሰው እግር አጠገብ ስለሚያልፍ፥ የብረት መከለያ ካልተደረገለት ሥጋ ያቃጥላል፤ በጎን የተቀመጠችን ሴት ቀሚስም ይለበልባል።

ክፋቱ የሚጀምረው ባለጋራዦች በጣልያንኛ ቃል ማርሚታ የሚሉት ድምፅ ማብረጃ ሲፈታ ወይም በመጋዝ ሲቈረጥ ነው። ይኸን የሚያደርገው ወጣት የሚሰጠው ምክንያት «ሞተሩ ጕልበት አነሰው» የሚል ነው። አቤቱታው ሐሰት አይደለም፤ ምክንያቱን ግን ስቶታል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፥ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ለቈላ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ሲሠራ ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ ጥቍር ጢስ ያወጣል፥ ይደክማል፥ ቤንዚንም ያባክናል። አቧራ የሞላው የአየር ማጣሪያ ሲጨመርበት ሕመሙ ይብሳል። መድኃኒቱ ማጣሪያውን ማጽዳት፥ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውንም ትንሽ ናስ ቀዳዳው በጠበበ መለወጥ ነው። ማርሚታውን የፈታ ሰው ያገኘው ጩኸት ነው፤ ጆሮው ጩኸቱን ጕልበት አድርጎ ይቈጥርለታል።

በተለይም ዘይት ከቤንዚን ጋራ የሚያቃጥለው ባለ ሁለት ምት ሞተር፥ እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያለው፥ ጢስ ማውጫው ሲቈረጥ ጕልበቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የቧንቧው ሆድ ሰፍቶ እንደገና የሚጠበው፥ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የሚሻውን ቤንዚን የድምፁ ሞገድ ተመልሶ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋው ነው። ይኸን ብልሃት በ1950ዎቹ በምሥራቅ ጀርመን ዋልተር ካደን የተባለው መሐንዲስ አበልጽጎት፥ የኤም.ዜድ. ፋብሪካ ትንንሽ ሞተሮች ከትልልቆቹ ጋራ እስኪወዳደሩ ደርሰዋል። በመጋዝ የሚቈርጠው እንግዲህ የዚያን ሰው የብዙ ዓመት ድካም ይቈርጣል።

ጕዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ ቢቀር ባላስጨነቀ ነበር። ነገር ግን ቅዳሴ በሚቀደስበት፥ ለቅሶ በሚለቀስበት፥ በሽተኛ በተኛበት ደጃፍ ያልፋል። በጢስ ማውጫው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሲቀጣጠል የሚሰማው ፍንዳታ ደግሞ ከጥይት ድምፅ አይለይም፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት፥ ሕዝቡም ከቤቱ በተፈናቀለበት አገር ይኸ ቀልድ አይደለም። በመከር ጊዜም ማገጃ ከሌለው ቧንቧ የሚወጣ ፍንጣሪ በደረቀ ነዶ ላይ ቢወድቅ የዓመት ልፋት ያጠፋል፤ በአሜሪካ በብዙ የመንግሥት ደኖች የፍንጣሪ ማገጃ የሌለው ሞተር እንዳይገባ የተከለከለው ስለዚህ ነው።

ሕግ የለም ለማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት መቈጣጠሪያ አዋጅ ቍጥር 300/1995 የድምፅ ልክ እንዲወሰን ያዝዛል። በአውሮጳም ጕልበታሙ ሞተር ብስክሌት በፈተና ጊዜ ከ77 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ እንደ ተደረገው ሞተሮችን በጅምላ ማገድ ግን ለዋግ አይስማማም፤ በዚያ ሞተሩ ከቆመ ክትባቱም ይቆማልና። ደግሞም ከፍ ያለ ጢስ ማውጫ ያየ ተቈጣጣሪ ኹሉ «ተለውጧል» ብሎ ቢቀጣ፥ ድምፁ ዝግ ያለውን ጠንቃቃ ነጂ ቀጥቶ፥ ከሥር ያለውን ማርሚታ ቦርቡሮ ባዶ ያደረገውን ያሳልፈዋል። ዓይን በዚህ ጕዳይ አይበቃም።

የሚበቃው በእጅ የሚያዝ የድምፅ መለኪያ ነው። ሞተሩን አቁሞ፥ መለኪያውን ከጢስ ማውጫው አፍ ግማሽ ሜትር አርቆ፥ በ45 ዲግሪ ጎን ይዞ ማንበብ ነው፤ ሥራው ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ተመሳሳዩ ሞተር ከነማርሚታው ከሚሰጠው ቍጥር እጅግ ልቆ የተገኘም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጋራዥ ይመለስ እንጂ ሞተሩ አይወረስበት። የፈታውን ማርሚታ ያልጣለ ሰው በዚያው ቀን መልሶ ያስገጥመዋል።