ከማስረጃው በላይ ማኅበሩ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ዊል ደፊ የተባለ የኮሎራዶ ፓስተር «ምድር ጠፍጣፋ ናት» የሚሉ ሰዎችንና ተከራካሪዎቻቸውን ይዞ አንታርክቲካ ወረደ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በዚያ ወቅት ፀሐይ እዚያ 24 ሰዓት ሙሉ ሳትጠልቅ ትቆያለች ወይስ አትቆይም? ጠፍጣፋ ናት ባዮቹ በሚስሉት ካርታ ይህ ሊሆን አይችልም። ፀሐይዋ ግን አልጠለቀችም። በመካከላቸው ስመ ጥር የሆነው ጄራን ካምፓኔላም በዓይኑ ያየውን አልካደም፤ ካሜራ ፊት ቆሞ መሳሳቱን ተናገረ።

ትልቁ ቁም ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከትናንት ወዳጆቹ ብዙዎቹ ማስረጃውን ትተው ሰውየውን መመርመር ያዙ። ተገዝቷል፣ ቪዲዮው የስቱዲዮ ሥራ ነው ተባለ።

እነዚህን ሰዎች «መሃይም» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ቢሃይንድ ዘ ከርቭ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የዚሁ ጎራ ሰዎች 20 ሺሕ ዶላር የሚያወጣ፣ መዞርን የሚለካ ጋይሮስኮፕ ይዘው ይታያሉ። መሣሪያው በሰዓት 15 ዲግሪ አሳያቸው፤ ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስትዞር የሚጠበቀው ልክ ይኸው ነው። እነሱ ግን ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገቡ። የጎደላቸው ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ያ ቁጥር በበቃቸው ነበር።

ታዲያ የያዛቸው ምንድን ነው? የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1954 ታላቅ ጎርፍ ይመጣል፣ እኛን ግን በራሪ ሰሐን ታድነናለች ይል በነበረ በቺካጎ አቅራቢያ ባለ ቡድን ውስጥ ገብተው ነበር። ጎርፉም ሰሐኗም ቀሩ። በአጠናናቸው ላይ ትችት ቢሰነዘርም፣ እንደ ዘገባቸው ተሰብስበው የጠበቁት ይበልጥ ጸኑ፤ ለብቻቸው የጠበቁት ግን በአብዛኛው እምነቱን ተዉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ ያበረው ድር ሰውንም ያስራል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦ ጠበል ከነበሩ ሕሙማን መካከል ክኒን መዋጥን እምነት ማጉደል አድርገው ያዩ ነበሩ። ጎረቤት ያገለለው ሕመምተኛ በዚያ ስፍራ አብሮት የሚጸልይ ወገን አግኝቷል። ያንን ወገን ለክኒን ሲል እንዲያጣ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ቃሉ የወጣው ከቤተ ክርስቲያኒቱ አናት ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ክኒኑን የሚውጥ ምእመን ከወገኑ የሚለይበት ምክንያት አልነበረም።

ሐሰትን ሐሰት ማለት ግዴታችን ነው፤ በተለይ የሕፃናት ክትባትን በመሰለ ጉዳይ ዝምታ ሕይወት ያስከፍላል። ነገር ግን ወንድማችን ወይም አክስታችን እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ሲገቡ በቤተሰብ ፊት መሳለቂያ ካደረግናቸው፣ የሚቀራቸው ያ ቡድን ብቻ ነው። ተከራከሯቸው፤ ቡና ግን አብራችሁ ጠጡ። ሐሳቡን የሚተው ሰው የሚመለስበት ቤት ያስፈልገዋል።