ፌስታል ሙሉ ደረሰኝ

የግብር ወቅት ሲደርስ የሒሳብ አዋቂው ቢሮ የዕቃ ማራገፊያ ይመስላል። አንዱ የመርካቶ ነጋዴ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል፤ ሌላው በጫማ ካርቶን ጠቅጥቆ በሾፌር ይልካል፤ ሦስተኛው ጎኑ የተቆረጠ ፎቶ በቴሌግራም ያዥጎደጉዳል። ነገሩ ያስቃል፤ ኪሳራው ግን አያስቅም። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ነውና ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ጽሑፉ ይደበዝዛል። የ100,000 ብር ዕቃ የገዛ ነጋዴ 15,000 ብር ተጨማሪ እሴት ታክስ ከፍሏል። ደረሰኙ ካልተነበበ ይህን ገንዘብ ከሽያጩ ታክስ ላይ ማቀናነስ ያስቸግራል፤ ባለሙያም ቢሆን ባዶ ወረቀት አይመዘግብም። ደረሰኝን በዕለቱ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ በየወሩም ማስረከብ ይበጃል። ለገንዘቡ ካዝና የገዛ ነጋዴ ለደረሰኙ ክላሰር ሊሰስት አይገባም።