ሁሉንም «ጨጓራ» ከማለታችን በፊት፦ ከአትክልት ጥቅል የምንማረው

ሆዱ የተነፋም ሆነ ቁርጠት የያዘው ሰው በእኛ ዘንድ ለሕመሙ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፦ ጨጓራ። ምክሩም የተለመደ ነው፤ በርበሬ ይቀንስ፣ አትክልት ያብዛ። ችግሩ ከጨጓራ ሳይሆን ከአንጀት ሲሆን ግን አንዳንዱ አትክልት ራሱ የሕመሙ ቀስቃሽ ይሆናል። በእኔ እምነት እንዲህ ላለው ሰው ከረዥም የክልከላ ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅመው፣ የሚስማማውንና የማይስማማውን አንድ በአንድ የሚለይበት ምግብ ነው። በሩዝ ወረቀት የሚጠቀለለው፣ ቬትናማውያን «ጎይ ኩዎን» ከሚሉት ምግብ የተወሰደው ትኩስ የአትክልት ጥቅል ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው።

ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ፒተር ጊብሰንና ሱ ሼፐርድ «ፎድማፕ» የሚል ስያሜ አስተዋወቁ። ስያሜው በትንሹ አንጀት በሚገባ የማይመጠጡ አጫጭር የካርቦሃይድሬት ዓይነቶችን ያጠቃልላል። እነዚህ ውኃ ወደ አንጀት ይስባሉ፤ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ብዙ ሰው ይህን ሳይሰማው ያልፋል፤ ስሱ አንጀት ግን መለጠጡን እንደ ሕመም ይቆጥረዋል።

ከፎድማፕ አንዱ የሆነው ፍሩክታን በቀይና በነጭ ሽንኩርት በብዛት ይገኛል። በውኃ ይሟሟል፤ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ሽንኩርቱ በወጥ ውስጥ ሲንተከተክ ፍሩክታኑ ወደ መረቁ ይገባል፤ ቁራጩን ለቅሞ ማውጣት ብዙም አይረዳም። ምስርና ሽሮም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። የጾም በያይነቱ በልቶ ሆዱ የተነፋ ሰው ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለይ? በምህንድስና ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ መንስኤውን ማወቅ አይቻልም። ጥቅሉ ግን ውስጡ የሚታይ፣ የሚቆጠርና የሚመዘን ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። ከሩዝ፣ ብዙ ጊዜም ከካሳቫ ስታርች የሚሠራውን ወረቀት ለብ ባለ ውኃ ለጥቂት ሰኮንዶች ነክሮ፣ ገና ጠንከር እንዳለ በረጠበ መክተፊያ ላይ መዘርጋት ነው፤ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። የሰላጣ ቅጠል፣ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮትና ኪያር፣ ናና፣ የተቀቀለ ቀጭን የሩዝ ኑድል፣ እንዲሁም ጠንካራው ቶፉ ለመነሻ ይበቃሉ። ጥሬ ካሮት የሚከብደው ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ በእንፋሎት ያለስልሰው። ከለጋ ሽንኩርት አረንጓዴው ቅጠል ብቻ ይግባ፤ ነጩ ይቅር። እንጉዳይ፣ ማንጎና አቮካዶ ለጊዜው ይቆዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጥቀሻው ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ስጎ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። በቤት ውስጥ የአኩሪ አተር ስጎ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ጥቂት የተፈጨ ለውዝ መቀላቀል ይቻላል። የነጭ ሽንኩርት ጣዕም የናፈቀው ፍንካቹን በዘይት አሙቆ ያውጣው፤ ጣዕሙ ይቀራል፣ ፍሩክታኑ አብሮ ይወጣል። ይህ ዘይት ግን ለዕለቱ ብቻ ይዘጋጅ፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ሆድ ሲረጋጋ ምርመራው ይጀምራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል፤ ዛሬ ቁራጭ አቮካዶ፣ ከተስማማ በማግስቱ ጥቂት ከፍ ያለ መጠን። የተሰማው ሁሉ በማስታወሻ ይጻፋል።

«ሽንኩርት የሌለበት ምግብ ምን ምግብ ነው?» የሚል ቅሬታ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ዓላማው ግን ከሽንኩርት ጋር ለዘለዓለም መለያየት አይደለም። ጥብቁ ክልከላ ከ2 እስከ 6 ሳምንት የሚቆይ ብቻ ነው፤ ከተከለከሉት ምግቦች ብዙዎቹ ለጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸውና። የሥነ ምግብ ባለሙያ ቢያግዝ መልካም ነው። በሰገራ ደም ያየ፣ ያለምክንያት የከሳ ወይም ሕመም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ሰው ግን ጥቅሉን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በስደት የሚኖረው ወገናችን የሩዝ ወረቀቱን በቅርብ የእስያ መደብር ያገኛል። በጥቂት ዶላር ወይም ዩሮ የሚገዛው ግን ከምግብም በላይ ነው፦ ከዓመታት ግምት ይልቅ ሆዱን በማስረጃ የሚያውቅበት መንገድ ነው። ማዕዱን በፍርሃት እየቀነሰ የሚኖር ሰው ይህን ዕድል ሊነፈግ አይገባም።